ከጥቅስ ማውጫ እስከ ‹አትከተል›፦ የማስፈንጠሪያ ተአማኒነት አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ማስፈንጠሪያ፣ ብዙዎቻችን በዕለት ንግግራችን ‹ሊንክ› ስለምንለው ነገር ነው። ጉዳዩን ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል መተው የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ የማየው እንደ ታሪክ ሰነድ ነው። ማስፈንጠሪያ አንድ ጸሐፊ የሌላውን ሥራ ተመልክቶ ‹ይህንንም አንብቡ› ያለበት አሻራ ነው። ይህ አሻራ ሲቆጠር፣ ሲሸጥ፣ ሲጭበረበር፣ ከዚያም በአንድ ቃል ድምፁን እንዲያጣ ሲደረግ ለማየት አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀም። የማነሣው ጥያቄ፣ በድረ ገጽ ዓለም ለሌላው ዋስ ሊሆን የሚችለው ማን እንደሆነ የወሰነው ማን ነው የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

‹ዋስ› የሚለውን ቃል የመረጥሁት በምክንያት ነው። በአገራችን የሙግት ልማድ ዋስ የሚሆን ሰው ቃሉን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም፤ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ ዕዳው በእርሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዳኛ ‹ዋስ ጥራ› ሲል የሚፈልገው የሰው ብዛት ሳይሆን የታወቀ፣ ቤትና ንብረት ያለው፣ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው። የፍለጋ ሞተሮች ማስፈንጠሪያን እንደ ዋስ ቃል ሲቀበሉ ከዚህ ልማድ ግማሹን ወሰዱ፤ የዋሱን ክብር መዘኑ። ሌላውን ግማሽ፣ ዋሱ የሚከፍለውን ዕዳ፣ ተዉት። ከዚህ በኋላ የምተርከው በአብዛኛው የዚህን የተተወ ግማሽ ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። በ1873 ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ፣ በኢሊኖይ ግዛት የተሰጠ አንድ የቆየ ፍርድ በኋለኞቹ ፍርዶች የት እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ለጠበቆች ማዘጋጀት ጀመረ። ጠበቃው የሚፈልገው የፍርዱን ዝና አልነበረም፤ ፍርዱ ጸንቶ ይሁን ተሽሮ ማወቅ ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ ይህንኑ ዘዴ ወደ ሳይንስ ለማምጣት በ1955 ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ሐሳብ አቀረበ፤ በ1964ም በፊላደልፊያ ከተማ ያቋቋመው ተቋም የሳይንስ ጥቅስ ማውጫን አሳተመ። በ1955ቱ ጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ዓላማ፣ ተመራማሪው የተሳሳተ ወይም ያረጀ ሥራ ሳያውቅ እንዳይጠቅስ፣ በሥራው ላይ የተሰነዘረውን ትችት አስቀድሞ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ጥቅሱ ይነበባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ይሁን እንጂ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የተደረደረ ነገር ለቆጠራ ይመቻል፤ ብዙም ሳይቆይ ማውጫው የመጽሔቶችና የሰዎች መመዘኛ ሆነ። በ1976 ገብርኤል ፒንስኪና ፍራንሲስ ናሪን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ጥቅስ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ብዙ ከሚጠቀስ መጽሔት የመጣ ጥቅስ ከማይታወቅ መጽሔት ከመጣው ይበልጥ ሊመዝን ይገባል አሉ። ይህን ሐሳብ በልባችሁ ያዙት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል።

ቲም በርነርስ-ሊ በ1989 በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ድረ ገጽን ሲያልም፣ ማስፈንጠሪያው ባለ አንድ አቅጣጫ እንዲሆን መደረጉ ትልቅ ውጤት አስከተለ። ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ሰው የገጹን ባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባለቤቱም መጠቆሙን ላያውቅ ይችላል። ድሩ በፍጥነት የተስፋፋው በዚህ ነፃነት ምክንያት ጭምር ነው። ነገር ግን ይኸው ነፃነት፣ ማስፈንጠሪያ ከጥቅስ በተለየ አራሚም ሆነ ገምጋሚ የማያልፍበት እንዲሆን አደረገው።

የመጀመሪያዎቹ የፍለጋ ሞተሮች ማስፈንጠሪያን እንደ ምስክር አልቆጠሩትም። በ1995 መጨረሻ ሥራ የጀመረው አልታቪስታ ገጾችን የሚመዝነው በዋናነት በውስጣቸው ባሉት ቃላት ነበር። ስለዚህ በፍለጋ ውጤት ከላይ መውጣት የፈለገ ነጋዴ ቃሉን መቶ ጊዜ ይደጋግም ነበር፤ አንባቢውን እንዳያሰለች ደግሞ ነጩን ፊደል በነጭ መደብ ላይ ይጽፈዋል። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ግን ያነበዋል። ይህን ልብ በሉ፦ ለሰው ዓይን ስውር፣ ለማሽን ዓይን ግልጽ የሆነ ጽሑፍ ያኔ ተወለደ። (በነገራችን ላይ በቃል ላይ ብቻ የተመሠረተ ፍለጋ ለአማርኛ ሌላ ፈተና ነበረው። ‹ዓለም›ን በዐይኑ ‹ዓ› የጻፈና በአልፋው ‹አ› የጻፈ ሰው አንድ ቃል ጽፈዋል፤ ፊደልን ከፊደል ለሚያመሳስል ማሽን ግን ሁለት ቃላት ናቸው።)

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሥራ የዚህ ሁኔታ መልስ ነበር። ብቻቸውንም አልነበሩም። በዚያው ሰሞን ጆን ክላይንበርግ ተመሳሳይ መንገድ እየቀየሰ ነበር፤ በኋላ ባይዱ የተባለውን የቻይና የፍለጋ ሞተር ያቋቋመው ሮቢን ሊም ቀደም ብሎ በማስፈንጠሪያ ላይ የተመሠረተ ዘዴ አቅርቦ ነበር። ፔጅና ብሪን ‹ፔጅራንክ› ያሉትን ስልተ ቀመር ለመረዳት በድሩ ውስጥ ያለ ዓላማ የሚንከራተት አንድ አንባቢ አስቡ። ከገጽ ወደ ገጽ ያገኘውን ማስፈንጠሪያ እየተከተለ ይሄዳል፤ ሲሰለቸው ወደ ሌላ የትም ወዳለ ገጽ ይዘላል። ይህ ሰው ለዘላለም ቢንከራተት ከጊዜው ምን ያህሉን በአንድ ገጽ ላይ ያሳልፋል? የገጹ ክብደት ያ ድርሻ ነው። የተከበረ ገጽ የጠቆመው ገጽ ይከበራል፤ እርሱም በተራው ለሚጠቁማቸው ክብሩን ያካፍላል። ፒንስኪና ናሪን ስለ መጽሔቶች ያሰቡት አሁን ለገጾች ሁሉ ዋለ። በ1998 በብሪዝበን፣ አውስትራሊያ፣ በቀረበው ጽሑፋቸው ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ሚሊዮን ገጾችን ይዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጉግል እንደ ኩባንያ ተመሠረተ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የታሪካችን ቋጠሮ ያለው በዚያው ዓመት መጀመሪያ በወጣ ሌላ ጽሑፋቸው ውስጥ ነው። ጸሐፊዎቹ ዘዴው ለንግድ ጥቅም ሲባል ሊጭበረበር ይችል እንደሆነ ጠይቀው ነበር። መልሳቸው የሚያረጋጋ ነበር። አንድ ገጽ ከፍ ያለ ክብደት ለማግኘት አንድ የተከበረ ገጽ ወይም ብዙ ተራ ገጾች እንዲጠቁሙት ማሳመን አለበት፤ የሚያሰጋው ቢበዛ በታላላቅ ገጾች ላይ ማስታወቂያ መግዛት ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብዙ አያሰጋም የሚል ነው። ክርክሩ የሞኝ ክርክር አልነበረም። በ1998 ድር ላይ ማስፈንጠሪያ የሚያኖረው የገጹ ባለቤት ራሱ ስለነበር፣ ‹ማሳመን› የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉም ነበረው። ያልታየው ነገር ባለቤትነትና ጸሐፊነት ሊለያዩ መሆናቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእንግዳ መዝገቦችና የአንባቢያን አስተያየት መስጫዎች በየገጹ ተከፈቱ፤ ማንም መንገደኛ ባለቤቱን ሳያሳምን፣ ሳይከፍል፣ በባለቤቱ ክብር ውስጥ ማስፈንጠሪያ ሊተክል ቻለ። ዋሱ ሳያውቅ ዋስ ሆነ።

ከዚህ በፊት ግን ዋጋው መታየት ነበረበት። በዲሴምበር 2000 ጉግል ለተጠቃሚዎች በነፃ ያደለው የመፈለጊያ አሞሌ የእያንዳንዱን ገጽ ፔጅራንክ ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር ያሳይ ጀመር። ስለ አይፈለጌ ማስፈንጠሪያ ሲወራ ይህ ቀን ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ እኔ ግን ከስልተ ቀመሩ ራሱ ያልተናነሰ ቦታ እሰጠዋለሁ። ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ክብር ነበር፤ ከወጣ በኋላ የገበያ ዋጋ ሆነ። ገዢ ‹የ6 ገጽ ማስፈንጠሪያ ስንት ነው?› ብሎ መጠየቅ ቻለ። በኦክላሆማ የሚገኝ ሰርችኪንግ የተባለ ድርጅት በ2002 በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ማስፈንጠሪያ ማሻሻጥ ጀመረ፤ ክብደቱ ሲቀነስበት ጉግልን ከሰሰ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2003 ክሱን ውድቅ ሲያደርግ፣ ፔጅራንክ አስተያየት ነው፣ አስተያየትም በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ። የሕግ ተማሪዎች ከዚህ በላይ የሚመራመሩበት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚሊዮኖች እንደ ልኬት የሚያነቡት ቁጥር በችሎት ፊት የአንድ ኩባንያ አስተያየት ሆኖ ቀረበ።

አሁን ወደ ጎርፉ እንምጣ። ‹ስፓም› የሚለው ቃል ከታሸገ ሥጋ ስም በእንግሊዛውያን ኮሜዲ በኩል እንደመጣ ይታወቃል፤ አማርኛው ‹አይፈለጌ መልእክት› ይበልጥ ግልጽ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ አለው። በኤፕሪል 1994 ሁለት የአሪዞና የሕግ ጠበቆች ስለ አረንጓዴ ካርድ ሎተሪ፣ ‹ዲቪ› ብለን ስለምናውቀው፣ የራሳቸውን አገልግሎት የሚያስተዋውቅ አንድ ጽሑፍ በዩዝኔት ከ5 ሺህ በሚበልጡ የውይይት መድረኮች ላይ በተኑት። ሰው ራሱ በቀላሉ ሊያመለክትበት ለሚችል ዕጣ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ታሪክ የተጻፈበት ዕጣ በአይፈለጌ መልእክት ታሪክ መነሻ ላይ መገኘቱ እንግዳ ግጥምጥሞሽ ነው። የጠበቆቹ ድርጊት ምንም ያህል አናዳጅ ቢሆን ግን አንድ ባሕርይ ነበረው፤ የተጻፈው ለሰው ነበር። አንባቢው እንዲያየው፣ እንዲከፍልም ይፈለግ ነበር።

ከ2003 ገደማ ጀምሮ በአስተያየት መስጫዎች ላይ የተንሰራፋው አይፈለጌ ማስፈንጠሪያ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች በየገጹ እየዞሩ ቅጹን ይሞላሉ፤ ‹ግሩም ጽሑፍ ነው፣ በርታ› የሚል ለማንኛውም ርዕስ የሚስማማ ምስጋና ያስቀምጣሉ፤ በስሙ ቦታ ላይ የመድኃኒት፣ የቁማር ወይም የብድር ገበያ ማስፈንጠሪያ ይተክላሉ። አንባቢ ባይጫነው ግድ የላቸውም። እንዲያውም ባለቤቱ ረስቶት፣ ለዓመታት ማንም ያልጎበኘው ገጽ ይመረጣል፤ የሚያጠፋ ሰው የለምና። መልእክቱ የተጻፈው በሰዎች ግድግዳ ላይ ለማሽን ነው፤ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ነጭ ፊደል በነጭ መደብ ላይ አሁን በሰው ቤት ተጻፈ። ይህ ልዩነት አያያዙንም ይወስናል። ለሰው የተላከ ማጭበርበሪያ አንባቢው በጠነቀቀ መጠን ይከሽፋል፤ ለማሽን የተላከውን ግን የአንባቢው ንቃት አይነካውም። የጽዳቱ ድካም የወደቀው ለሚጽፉት ነገር ሽልማትም ክፍያም በማያገኙ ሰዎች ላይ ነበር። ማለዳ ተነሥተው በመቶ የሚቆጠር የመድኃኒት ስም ይለቅማሉ፤ የደከማቸው በሩን ይዘጉታል። ስንት ውይይት በዚህ ምክንያት እንደተቋረጠ የሚነግረን መዝገብ የለም፤ የተዘጋ በር ሰነድ አይተውምና።

በጃንዋሪ 2005 ጉግል አንድ መፍትሔ አስተዋወቀ፤ ተፎካካሪዎቹ ያሁና ኤምኤስኤንም ተቀበሉት። በማስፈንጠሪያው የኮድ መስመር ውስጥ የምትገባ ‹ኖፎሎው› የምትባል ቃል ናት፤ ትርጉሟም ‹አትከተል› ነው። አንባቢው ማስፈንጠሪያውን እንደ ወትሮው ይጫነዋል፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን እንደ ዋስ ቃል አይቆጥረውም። ገጾቹን የሚያስተዳድሩት ሶፍትዌሮች ቃሏን በእንግዳ በተጻፈ ማስፈንጠሪያ ሁሉ ላይ በራሳቸው እንዲያስገቡ ተደረገ። በጃንዋሪ 2007 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ማስፈንጠሪያዎቹን ሁሉ በዚህች ምልክት አሰረ።

እርምጃው ብልህ መሆኑን አልክድም፤ የሽልማቱን ምንጭ ያደርቃል፤ ባለቤቱንም ካልፈቀደው ዋስትና ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ሊታይ ይገባል። አንደኛው፣ ጎርፉ አልቆመም። ለአጭበርባሪው ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ ማስፈንጠሪያ መትከል ምንም ያህል አያስወጣም፤ የትኛው ገጽ ምልክቷን እንደያዘ መርምሮ መለየት ከዚያ የበለጠ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሳይመረምር ሁሉም ዘንድ መትከሉን ቀጠለ፤ የገጽ ባለቤቶችም በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደ ወጣው አኪስሜት ያሉ ማጣሪያዎችን መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ምልክቷ የምትለየው በቃሉ እውነትነት አለመሆኑ ነው። የምትለየው በተናጋሪው መቆሚያ ቦታ ነው። አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ በሌላው ጽሑፍ ግርጌ ስሕተትን አርሞ ወደ ዋናው ጥናት ቢያመለክት፣ ጥቆማው ከቁማር ቤቱ ማስፈንጠሪያ ጋር እኩል ዝም ይላል። የቤቱ ባለቤት በራሱ ገጽ ላይ በግዴለሽነት የሚጥለው ማስፈንጠሪያ ግን ይመሰክራል። የራሱ ቤት ያለው ዋስ መሆን ቻለ፤ በሰው ደጅ የቆመው ምንም ቢያውቅ ዋስነቱ ቀረ። ይህን የወሰነ ጉባኤ ወይም ሕግ አውጪ አካል አልነበረም፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች በአንድ ሰሞን ተስማሙ፤ ሶፍትዌሩም አስፈጸመው።

የተገዛው ማስፈንጠሪያ ግን በዋናው በር መግባቱን ቀጠለ፤ ቤት ያላቸው ቤታቸውን ያከራዩ ነበርና። በፌብሩዋሪ 2011 ኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ዘገባ፣ ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር ከሸቀጡ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ብዙ ገጾች ላይ በተተከሉ ማስፈንጠሪያዎች አማካይነት በቀሚስ፣ በአልጋ ልብስ፣ በምንጣፍ ፍለጋ ከሁሉ በላይ ይወጣ እንደነበር አጋለጠ። መደብሩ አላውቅም፣ አልፈቀድሁም አለ፤ የፍለጋ አማካሪውንም አሰናበተ። ጉግል እርምጃ ሲወስድ ለአንድ የሻንጣ ዓይነት ፍለጋ 1ኛ የነበረው መደብር በሰዓታት ውስጥ 71ኛ ሆነ። በኤፕሪል 2012 ‹ፔንግዊን› የተባለው ለውጥ መጣና ይህን ቅጣት ወደ ስልተ ቀመሩ ራሱ አስገባው። ከዚያ የሆነውን ስናይ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ትናንት ማስፈንጠሪያ ለመግዛት ይከፍሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ማስፈንጠሪያው ይነሣልን ብለው ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር፤ ለማንሣትም ክፍያ የጠየቁ አልታጡም። በኦክቶበር 2012 ጉግል የማይፈለጉ ማስፈንጠሪያዎችን መካጃ መሣሪያ አቀረበ፦ ‹እነዚህን ዋሶች አልጠራኋቸውም› ማለት የሚቻልበት። ከ0 እስከ 10 ያለው ቁጥር ደግሞ በ2016 ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ።

ይህን ታሪክ ‹መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል› በሚለው የጉድሃርት ሕግ ጠቅልሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ሕጉ እውነት ቢሆንም፣ መለኪያው ሲበላሽ ጠጋኙ ማን እንደሆነና የጥገናው ዕዳ በማን ላይ እንደተጣለ አይነግረንም። ለዚህ ከራሳችን ሠፈር አንድ ማነጻጸሪያ ላቅርብ። አራት የብራዚል የሕክምና መጽሔቶች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ደረጃቸውን ከፍ በማድረጋቸው በ2013 ቶምሰን ሮይተርስ የተጽዕኖ መለኪያ ቁጥራቸውን አገደ። ከጀርባው የአገሪቱ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች የሚመዘኑት መምህራኑ በሚያሳትሙባቸው መጽሔቶች ደረጃ መሆኑ ነበር። የደረጃ ዕድገት ማመልከቻ ጽፈን ‹የት አሳተማችሁ?› የሚል ጥያቄ የተጠየቅን ሁሉ የአዘጋጆቹን ፈተና፣ ድርጊታቸውን ባንደግፍ እንኳ፣ እንረዳዋለን። ቅጣቱ ግን ስም ነበረው፤ ጊዜ ነበረው፤ ምክንያቱም ተነግሯል። ባልታወቁ መጽሔቶች የሚጽፉ ሰዎች ጥቅስ ከእንግዲህ ሁሉ አይቆጠርም ያለ አልነበረም።

በሴፕቴምበር 2019 ጉግል ‹አትከተል›ን ከትእዛዝነት ወደ ፍንጭነት ዝቅ አደረጋት። ለተከፈለበት ማስፈንጠሪያ አንድ፣ በተጠቃሚዎች ለተጻፈው ደግሞ ሌላ፣ ሁለት አዳዲስ ምልክቶችንም ጨመረ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በእንግዳ እጅ የተጻፈ ማስፈንጠሪያ ሊቆጠርም ላይቆጠርም ይችላል፤ የትኛው እንደተቆጠረ ግን ጻፊውም ሆነ የገጹ ባለቤት አይነገራቸውም። ለአማርኛው ድር ይህ ከሌሎች በላይ ይከብዳል። ገጾች ብዙ በሆኑበት ቋንቋ አንድ ሺህ የሐሰት ዋሶች በእውነተኞቹ መካከል ይሰጥማሉ፤ ገጾች ጥቂት በሆኑበት ግን አሥር የተገዙ ማስፈንጠሪያዎች ሚዛኑን ሊያዘነብሉ፣ ዝም የተሰኙ አሥር እውነተኛ ጥቆማዎችም ጥሩ ጥናትን ከዓይን ሊሰውሩ ይችላሉ።